አንዴ ብቻ የተሞከረ ማዳን፦ የ2002ቱ «የጊዜ ማሽን» ፊልም የጉዳይ ጥናት

ማርች 8 ቀን 2002 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «የጊዜ ማሽን» ሁለት ወላጆች ያሉት ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ወላጅ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሲሆን፣ ሌላው ጆርጅ ፓል በ1960 ከዚያው መጽሐፍ የሠራው ፊልም ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ጆን ሎጋን መነሻ ያደረገው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ዴቪድ ደንከን ለፓል የጻፈውን ስክሪፕትም ነው፤ ይህም በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። ዳይሬክተሩ ሳይመን ዌልስ ደግሞ የደራሲው ዘር ነው፤ ኤች. ጂ. ዌልስ ቅድመ አያቱ ነበር።

ፊልሙ 80 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ሙያው የተዋጣለት፣ ለዐይን የሚያምር፣ ጥሩ ተዋናዮች የተሰለፉበት ሥራ ነው። ሆኖም ታሪኩ መሐል ላይ ይሰበራል። ስብራቱ የመጣው ከአንድ ውሳኔ ነው፤ ለጊዜ ተጓዡ የግል ሐዘን ተሰጠው። ውሳኔው ራሱ ስሕተት አልነበረም። ጥፋቱ አዲሱ ምክንያት የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው አለመሄድ ነው። በጊዜ ጉዞ ላይ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ይህን ፊልም ትዕይንት በትዕይንት ቢፈታው ብዙ ይማርበታል።

ከፊልሙ በፊት የነበረው

በመጽሐፉ ውስጥ ተጓዡ ስም እንኳ የለውም። የሚያድነው ሰው፣ የሚመልሰው ዕዳ የለበትም። ወደ 802,701 የሚሄደው ለማወቅ ብቻ ነው፤ እዚያም የሰው ልጅ ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። ከላይ ያሉት ኤሎዮች ለስላሳና ደካማ፣ የድሮ ባለጸጎች ዘር ናቸው። ከታች ያሉት ሞርሎኮች ማሽን የሚያንቀሳቅሱ፣ የሠራተኛው መደብ ዘር ናቸው፤ ሌሊት ወጥተው ኤሎዮቹን ይበላሉ። የመጽሐፉ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሀብታምና ድሃ እንዲህ ተለያይቶ መኖር ከቀጠለ መጨረሻው ምን ይሆናል? ተጓዡ ከዚያ አልፎ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ሲገፋ ቀልታና ደክማ የቆመች ፀሐይ ያያል። ዛሬ ይህ ቁጥር ያንስብናል፤ ነገር ግን ዌልስ በሚጽፍበት ዘመን እነ ሎርድ ኬልቪን ያሉ የፊዚክስ ሊቃውንት የፀሐይን ዕድሜ በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ይገምቱ ነበር። ፀሐይን የሚያነድደው የኑክሌር ውህደት ገና አልታወቀም። ዌልስ የተጠቀመው የዘመኑን ሳይንስ ነው።

የፓል ፊልም ተጓዡን ጆርጅ አለው፤ ሮድ ቴይለር ሠራው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1899 የመጨረሻ ቀናት ለንደን ነው። ጆርጅ የራሱን ዘመን አልወደደውም፤ በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት እየተካሄደ ነው፣ ጓደኞቹም ፈጠራህን ለጦር ሚኒስቴር አቅርበው ይሉታል። ወደፊት የሚሸሸው ጦርነት የሌለበትን ዘመን ፍለጋ ነው። በ1917 ቆሞ ጦርነት ያገኛል፤ በ1940 ሌላ ጦርነት፤ በ1966 ደግሞ አቶሚክ ቦምብ። እዚህ ላይ የስክሪፕቱ ብልሃት ይታያል። በ1966 ለንደን ሳይረን ሲጮህ ሰዎች ወደ መጠለያ ይሮጣሉ። በ802,701 ያው ሳይረን ሲጮህ ኤሎዮች ዐይናቸው ፈጦ፣ ነፍሳቸውን ሳያውቁ፣ ተሰልፈው ወደ ሞርሎኮች ዋሻ ይገባሉ። አንድ ድምፅ ሁለቱን የፊልሙን ግማሾች ሰፋቸው። ተመልካቹ የጊዜ ተጓዡ የሚሸሸው ነገር ቀድሞት እንደደረሰ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሌላም አለ። ጆርጅ ለምን ይህን ያህል ሩቅ ሄደ? በ1966ቱ ፍንዳታ የወጣው ቀልጦ የሚፈስ ዐለት ማሽኑን ስለቀበረው ነው። ዐለቱ በዝናብና በነፋስ እስኪሸረሸር ድረስ መቆም አይችልም። የ800,000 ዓመት ጉዞ በዚህ መንገድ ግዴታ ሆነ፤ ምክንያቱም በዐይን ይታያል።

ኤማ

የሎጋን ስክሪፕት ታሪኩን ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ አዛወረው። ጋይ ፒርስ የሚሠራው አሌክሳንደር ሃርትዴገን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በ1899 በረዷማ ምሽት ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለኤማ የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል፤ ኤማን የምትሠራው ሲዬና ጊለሪ ናት። ዘራፊ ይመጣል። ጓንቱንም ገንዘቡንም ይወስዳል፤ ቀለበቱን ሲጠይቅ ግን ኤማ እምቢ ትላለች። በግብግቡ መሐል ጥይት ይተኮሳል፤ ኤማ ትሞታለች።

እስከዚህ ድረስ ስክሪፕቱ ጠንካራ ነው። ሎጋን ያየው ችግር እውነተኛ ነበር፤ ለማወቅ ብቻ የሚጓዝ ሰው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይበቃል፣ በ96 ደቂቃ ፊልም ላይ ግን ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልካቹን ሊይዝ የሚችል የልብ ጉዳይ ይፈልጋል። ሐዘን ጥሩ ሞተር ነው። አሌክሳንደር አራት ዓመት ቤቱን ዘግቶ ማሽኑን ይሠራል፤ በ1903 ተነሥቶ ወደዚያ ምሽት ይመለሳል።

ሁለተኛው የኤማ ሞት ከመላው ፊልም በጣም ተጠንቅቆ የተሠራው ትዕይንት ይመስለኛል። አሌክሳንደር ከፓርኩ ያርቃታል። መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ እሷ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ እሱ ግን ዐይኑን ከፊቷ ላይ ማንሣት አቅቶታል። በመጀመሪያው ምሽት አበባ ይዞላት መምጣት ረስቶ ነበርና ወደ አበባ መሸጫ ይገባል። ሻጩ አላን ያንግ ነው፤ በ1960ው ፊልም የጆርጅን ጓደኛ ፊልቢን የሠራው ተዋናይ። አሌክሳንደር ጀርባውን በሰጣት በዚያች ቅጽበት ውጪ የፈረስ ጋሪ ይገጫታል። ለፍቅር የተደረገች ትንሽ ነገር ከእጁ እንድታመልጥ ምክንያት ሆነች። ሙዚቃ ሳይጮህ፣ ማብራሪያ ሳይኖር ያለቀ ትዕይንት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አሌክሳንደር ሺህ ጊዜ ብመለስ በሺህ ዓይነት መንገድ ስትሞት አያለሁ ብሎ ይደመድማል። ይህ ሰው ሳይንቲስት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያልተሳኩ ቀመሮችን እየፋቀ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ከአንድ ሙከራ ተነሥቶ የተፈጥሮን ሕግ ያውጃል። ጋሪው ለምን በዚያች ሰከንድ አለፈ? አጋጣሚ ነው ወይስ ጊዜ ራሱን እየጠገነ ነው? ሁለቱን የሚለየው ተደጋጋሚ ሙከራ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ግን አልሞከረም።

ይህን መጠገን ውድ አልነበረም። ሦስት ተጨማሪ ሙከራዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ፣ ተደምረው ሁለት ደቂቃ ይሆናሉ። ግን እንዴት እንደሚሠሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሞቶቹ በአጋጣሚ የተለያዩ ብቻ ከሆኑ፣ አንዴ ጋሪ፣ አንዴ በረዶ፣ አንዴ ሕመም፣ ተመልካቹ ደራሲው እንደፈለገ እየገደላት ነው ብሎ ያስባል። እያንዳንዱ ሙከራ ከፊተኛው አንድ ነገር መማር አለበት። በሁለተኛው ከቤት እንዳትወጣ ያደርጋል። በሦስተኛው ዘራፊውን አስቀድሞ ያስይዛል። በአራተኛው ራሱን፣ የ1899ኙን አሌክሳንደር፣ ያስቆማል። በየሙከራው ምክንያቱ ወደ እሱ እየቀረበ ቢመጣ፣ በመጨረሻ ሞቷ ከራሱ መምጣት ጋር የተያያዘ መሆኑን በዐይኑ ባየ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተስፋ መቁረጥ ውሃ የሚያነሣ ይሆናል።

ሕጉና ቀዳዳው

ፊልሙ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ነው። ጄረሚ አይረንስ የሚሠራው የሞርሎኮች አለቃ ማሽኑን የሠራኸው ኤማ ስለሞተች ነው ይለዋል። ብትኖር ኖሮ ማሽኑ አይኖርም፤ ታዲያ በሌለ ማሽን ተመልሰህ እንዴት ታድናታለህ? መልሱ በራሱ ትክክል ነው። የጊዜ ጉዞ ታሪኮች ሁሉ የሚታገሉበት ጥንታዊ እንቆቅልሽ ነው፦ ምክንያቱን የሚያጠፋ ውጤት ሊኖር አይችልም።

ታዲያ ለምን አይጠግብም? አንደኛ፣ መልሱ የመጣው ከማይመለከተው ሰው ነው። አለቃው ኤማን አያውቃትም። የአሌክሳንደርን አእምሮ ስለሚያነብ ብቻ ያውቃል። አሌክሳንደር አራት ዓመት የደከመበትን ጥያቄ ሌላ ሰው በሁለት አረፍተ ነገር ፈታለት፤ እሱ ራሱ ምንም አላገኘም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ሕጉ ቀዳዳ አለው። ማሽኑ እንዲሠራ የግድ ያስፈለገው የኤማ ሞት አይደለም፤ አሌክሳንደር ሞታለች ብሎ ማመኑ ነው። ሬሳ መሰል ነገር ትቶ፣ ኤማን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ሌላ ዘመን ቢወስዳት የ1899ኙ አሌክሳንደር ያዝናል፣ ማሽኑም ይሠራል፣ ምንም አይጋጭም። የሰላ ተመልካች ይህን ወንበሩ ላይ ሆኖ ያስባል፤ የፊልሙ ሊቅ ግን አያስበውም። ደራሲ በቀዳዳው ላይ ከሁለት አንዱን ሊያደርግ ይችላል፤ ወይ ጥይቱን ከቅርብ አሳይቶ ማታለል እንደማይቻል ያረጋግጣል፣ ወይ ጀግናው ሞክሮት እንዲወድቅ ያደርጋል። እንዳላየ ማለፍ ግን አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ራሱ ወዲያው ሕጉን የሚያምታታ ነገር ያሳያል። አሌክሳንደር ከአለቃው ጋር ሲታገል ማሽኑ እስከ 635,427,810 ይወስደዋል፤ እዚያም ሞርሎኮች ምድሪቱን ሁሉ ወርሰው ያያል። ከዚያ ወደ 802,701 ተመልሶ ማሽኑን ወደ ፈንጂነት ይለውጠዋል፤ ዋሻውን ይደመስሳል። ያየውን ወደፊት ቀየረው ማለት ነው። ነገሩን በጥንቃቄ ካየነው ተቃርኖ የለውም፤ የተከለከለው የማሽኑን መነሻ ማጥፋት ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ይህ ግሩም ሕግ ነበር! አንድ ሰው ከመላው ዘመናት ሊነካት የማይችላት አንዲት ቀን ብቻ አለች፣ እሷም የሚፈልጋት ቀን ናት። ስክሪፕቱ ይህን አረፍተ ነገር ለማንም አፍ አልሰጠም። ተመልካቹ ሲወጣ የሚቀርለት ስሜት ያለፈው አይነካም፣ ወደፊቱ ይነካል የሚል ደብዛዛ ነገር ነው።

ሁለት ፊልሞች በአንድ መሣሪያ

ከ1903 ተነሥቶ ወደፊት የሚሄደው መልስ ፍለጋ ነው፦ ያለፈውን ለምን መቀየር አልችልም? በ2030 የኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይጠይቃል። መልስ የለም። ወደ 2037 ይሻገራል፤ ጨረቃ ላይ በሚካሄድ የግንባታ ፍንዳታ ምክንያት ጨረቃ ተሰባብራ እየወደቀች ነው። ወደ ማሽኑ ሲሸሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሲነቃ 802,701 ነው። ከፓል ፊልም ጋር ሲነጻጸር ይህ ደካማ ነው። ጆርጅን ዐለት ያዘው፤ አሌክሳንደርን ግን ምንም አልያዘውም፣ መቆጣጠሪያውን ሳይዝ በመተኛቱ ብቻ 800,000 ዓመት አለፈው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ የመለሰው የመጽሐፉን ጥያቄ ነው፤ የሰው ልጅ ምን ይሆናል የሚለውን። ሪሜኩ፣ ማለትም የ2002ቱ ዳግም ሥሪት፣ ጥያቄውን ቀየረና መልሱን እንዳለ ያዘ። ኤሎዮችና ሞርሎኮች ስለ ኤማ የሚናገሩት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ፊልሙ አለቃ የሚሆን ሞርሎክ መፍጠር፣ አእምሮ የማንበብ ኃይል መስጠት፣ ከዚያም ስለ ኤማ እንዲናገር ማድረግ ግድ ሆነበት። ገጸ ባሕርዩ የተፈጠረው ስፌቱ የተለየበትን ቦታ ለመሸፈን ነው። አይረንስ በዝግታው፣ በነጭ ገጹ፣ በሚያንቀጠቅጥ ትሕትናው ቦታውን ሞልቶታል፤ ስፌቱ ግን ይታያል።

ኤሎዮቹም ተለውጠዋል። እዚህ ደካማና ሰነፍ አይደሉም። ከገደል ላይ እንደ ወፍ ጎጆ የተንጠለጠሉ ቅርጫት መሰል ቤቶች ሠርተዋል፤ ያጠምዳሉ፣ ይሸምናሉ፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ማራ፣ የምትሠራት ሳማንታ ሙምባ ናት፣ ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ የተማሩትን የድሮ እንግሊዝኛ «የድንጋይ ቋንቋ» እያለች ትናገራለች። ይህ ለኤሎዮቹ ክብር ሰጣቸው፤ በ1960ው ፊልም የጎደለ ነገር ነበርና ጥሩ ተደረገ። ግን ዋጋ አስከፈለ። ጠንካራና ብልህ ከሆኑ ለምን አይዋጉም? መጽሐፉ ምቾት አደከማቸው ይላል። ፓል ሳይረን አሠለጠናቸው ይላል። ሪሜኩ አለቃው በሕልማቸው ገብቶ ያስፈራራቸዋል ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ እኛ ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ስለ አንድ ጭራቅ ብቻ ነው። የመደብ ነገርም ሥሩ ተነቅሎ ጠፋ፤ ኤሎይና ሞርሎክ የተለያዩት ጨረቃ ስትወድቅ ከላይ በቀረና ከታች በገባ ነው።

በዚህ ሁለተኛ ግማሽ የሚያበራ አንድ ፈጠራ አለ፤ ኦርላንዶ ጆንስ የሚሠራው ቮክስ 114። በ2030 የቤተ መጻሕፍት መስታወት ላይ የሚቆም፣ በብርሃን የተሠራ የቤተ መጻሕፍት አገልጋይ ነው። አሌክሳንደር ስለ ጊዜ ጉዞ ሲጠይቀው የዌልስን መጽሐፍና የፓልን ፊልም ይጠቅስለታል። ከ800,000 ዓመት በኋላ አሌክሳንደር ፍርስራሽ ውስጥ ሲያገኘው ቮክስ ያውቀዋል። የሰውን ጽሑፍ ሁሉ ተሸክሞ፣ አንድም አንባቢ ሳይኖረው፣ ምንም መርሳት ሳይችል ኖሯል። ይህ ትዕይንት ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ፈታ። ታሪክን ማስረዳት ግድ ነበር፤ መጽሐፉ የፈረሰ ሙዚየም፣ ፓል ሲሽከረከሩ የሚናገሩ ቀለበቶች ተጠቅመዋል። ሪሜኩ ማስረጃውን ወደ ሰው ለወጠው፤ ያዘነ፣ ብቸኛ፣ ትንሽ ኩሩ። አስተውሉ፣ ቮክስ ምንም መርሳት የማይችል ፍጡር ነው፤ አሌክሳንደርም ያው ነው። ስለ ኤማ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ መምጣት የነበረበት ከአለቃው ሳይሆን ከዚህ ፍጡር አፍ ነበር። ሁለቱ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ሐዘን ነው። ስክሪፕቱ ይህን እጁ ላይ ይዞ ሳያየው አለፈ።

ጊዜ ሲያልፍ እንዴት ይቀረጻል?

እዚህ ላይ ሪሜኩ ከቀዳሚው ጋር በእኩል ይወዳደራል። ሁለቱም ዳይሬክተሮች ከአኒሜሽን የመጡ ናቸው። ሃንጋሪ የተወለደው ፓል አሻንጉሊቶችን በየፍሬሙ፣ ማለትም በየነጠላ ምስሉ፣ እያንቀሳቀሰ በሚሠራቸው አጫጭር ፊልሞች ስም ያወጣ ሰው ነው። ሳይመን ዌልስም በ1998 የሙሴን ታሪክ ከሠሩት ሦስት የአኒሜሽን ዳይሬክተሮች አንዱ ነበር።

የፓል ዘዴ ቀላል ነው፤ በትእግሥት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከጆርጅ መስኮት ማዶ ባለ ሱቅ ውስጥ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆማለች። ማሽኑ ሲሮጥ ልብሷ ይቀያየራል፤ ዓመታት የሚለኩት በቀሚስ ርዝመት ነው። ሻማ ይቀልጣል፤ አበባ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሒሳቡን ለሚሠራው ሰው እንዲህ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። አበባ ለመከፈት 12 ሰዓት ቢፈጅና በ5 ሰከንድ ማሳየት ብንፈልግ 120 ፍሬም ያስፈልጋል፤ 720 ደቂቃ ለ120 ሲካፈል በየ6 ደቂቃው አንድ ፍሬም ይነሣል። ከዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። ብርሃን ከተለዋወጠ ምስሉ ይርገበገባል፤ ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን ተዘግቶ በመብራት ብቻ ይሠራል። ካሜራው በአንድ ሚሊሜትር ከተነካ ዓለሙ ሁሉ ይዘልላል፤ ያኔ ከመሐል መቀጠል አይቻልም፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ ልብሱ በየሁለትና ሦስት ፍሬሙ ከተቀየረ ዐይን አይይዘውም፣ ግማሽ ሰከንድ ወይም 12 ፍሬም ያህል መቆየት አለበት። ፓል በዚህ ሥራ ዐይናችን ላይ የሰፈረ ምስል ተወልን፤ ፊልሙም በልዩ የእይታ ሥራ የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ሪሜኩ ያንን አሻንጉሊት ለክብር አስቀመጣት፤ ከዚያ ግን ካሜራውን ፈታው። ዲጂታል ዶሜይን የተባለው ኩባንያ የሠራው 33 ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ቀረጻ አለ፤ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው። ካሜራው ከአሌክሳንደር ቤተ ሙከራ ይነሣል፣ ከተማዋ ከሥሩ ስትወጣና ስትቀያየር እያየ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይርቃል፣ የዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ያልፋል፣ ጨረቃ ላይ ወደ ሰፈሩ ሰዎች ይደርሳል። 33 ሰከንድ 792 ፍሬም ነው። ከ1903 እስከ 2030 ያሉት 127 ዓመታት በዚህ ቀረጻ ውስጥ አለፉ ብንል አንድ ፍሬም 58 ቀን ገደማ ይይዛል። በዚህ ፍጥነት ቀንና ሌሊት ሊታዩ አይችሉም፤ ተጨፍልቀው አንድ ወጥ ድንግዝግዝ ብርሃን ይሆናሉ። ይህን ዌልስ በ1895 ጽፎታል፤ ቀንና ሌሊት ተዋህደው ግራጫ ሆኑ፣ ፀሐይ የእሳት መስመር ሆነች ይላል። የሉሚየር ወንድማማቾች ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ደራሲው ፊልም ሳያይ የፊልምን ፍጥነት አስቧል።

በዚህ ሒሳብ ከሄድን በቀረጻው መጨረሻ ጨረቃ ላይ የምታርፈው መርከብ መታየት አልነበረባትም፤ 58 ቀን በሚይዝ ፍሬም ውስጥ አንዲት መርከብ ምንም ምልክት አትተውም። ግን ማንም ተመልካች አይጠይቅም። ካሜራው ከማሽኑ ርቆ ወደ ጠፈር ሲወጣ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛው ይመለሳል፤ ለውጡ ስለማይታወቅ እንቀበለዋለን። ከ2037 በኋላ ያለው ጉዞ ደግሞ የመሬትን መሸርሸር በሚያሰላ የኮምፒውተር ቀመር የተሠራ ነው። በረዶ ይመጣል፣ ወንዝ ገደል ይቆርጣል። 800,000 ዓመት ለገደል ይበቃል ወይ? በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ግራንድ ካንየን የተባለውን ሸለቆ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል የቆረጠው በዋናነት ባለፉት 5 እና 6 ሚሊዮን ዓመታት ነው። በዚያ ልክ 800,000 ዓመት ከ200 ሜትር በላይ ይሰጣል፤ የማራ ቤት የተንጠለጠለበት ገደል ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጨረቃ

ጨረቃን በግንባታ ፍንዳታ መስበር ግን በምንም ሒሳብ አይሆንም። ጨረቃ ፈርሳ ተበትና እንድትቀር ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል 30 ትሪሊዮን ሜጋቶን ገደማ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1961 ያፈነዳችው ትልቁ ቦምብ 50 ሜጋቶን ነበር፤ የእሱ ዓይነት 600 ቢሊዮን ቦምብ ያስፈልጋል። ከምሕዋሯ ማውጣትም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች፤ በመሬት ስበት ተቀዳዳ እንድትበተን እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ያህል መቅረብ ይኖርባታል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ፍርስራሹ 800,000 ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ አይቆይም፤ በምሕዋሩ ተዘርግቶ ቀለበት ይሠራል። በፊልሙ ሌሊት ሰማይ ላይ የተሰበረችው ጨረቃ ውብ ናት፤ ቀለበት ቢሆን ግን የበለጠ ባስደነቀ፣ ሳይንሱም በተስማማ።

በሥራው መሐል

ምስቅልቅሉ ስክሪፕቱ ላይ ብቻ አልቆመም። ሳይመን ዌልስ በከባድ ድካም ምክንያት ቀረጻው ሊያልቅ 18 ቀን ሲቀረው ለዕረፍት ወጣ፤ ሌላ ዳይሬክተር፣ ጎር ቨርቢንስኪ፣ ገብቶ ጨረሰው፣ ዌልስም ለቅንብሩ ተመለሰ። ፊልሙ በ2001 መጨረሻ ሊወጣ ታቅዶ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የጨረቃ ስብርባሪ ኒው ዮርክ ላይ ሲወድቅ የሚያሳይ ትዕይንት ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ፤ የሚታይበት ጊዜም ተራዘመ። ማውጣቱ ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን 2037 ላይ ያለው ክፍል አጭርና የተቆራረጠ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ የዓለም ጥፋት በጥቂት ደቂቃ ያልፋል።

ሞርሎኮቹን የሠራው ስታን ዊንስተን ስቱዲዮ ነው። ተዋናዮች ልብሱን ይለብሳሉ፤ ፊቱ በሞተር የሚንቀሳቀስ ጭምብል ነው። ሰው ሊሮጠው በማይችለው ፍጥነት በአራት እግራቸው ሲሮጡ ግን ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የሠራቸው የኮምፒውተር ምስሎች ናቸው። አደኑ ሲጀምር ሁለቱ ሲቀያየሩ ዐይን ያውቃል፤ ጭምብሉ ክብደት አለው፣ ምስሉ ክብደት የለውም። ለኦስካር የታጨው የፊት ቅብ ሥራው ነበር፤ የአይረንስን ነጭ ገላና ከጀርባው የወጣ አከርካሪ ለሚያስታውስ አያስገርምም።

ፊልሙ በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ 22.6 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ በፍጥነት ወረደ። አሜሪካ ውስጥ 56.8 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ 123.7 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቶች ስለሚቀር በ80 ሚሊዮን ለተሠራ ፊልም ይህ አያኮራም። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው ሰው ለሌላው ምን እንዳለ መገመት ከባድ አይደለም፤ የኤማን ጥያቄ ይዞ ገብቶ የሞርሎክ አደን አይቶ ወጣ።

የመጨረሻው ትዕይንት ግን ተሳክቷል። አሌክሳንደር በ802,701 ሜዳ ላይ ለማራና ለወንድሟ ቤተ ሙከራዬ እዚህ ነበር እያለ ያሳያቸዋል። በዚያው ምስል በሌላኛው ጎን፣ በዚያው ቦታ፣ በድሮው ኒው ዮርክ ጓደኛው ፊልቢና የቤት ሠራተኛው ወይዘሮ ዋቺት ባዶውን ቤተ ሙከራ እየተመለከቱ ይነጋገራሉ። ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን፣ ማሽን ሳይኖር፣ በአንድ ፍሬም ይታያሉ። በፊልሙ መጀመሪያ አሌክሳንደር ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ክብ ባርኔጣ ማድረጉን ይነቅፍ ነበር። ፊልቢ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ወደ ቤተ ሙከራው ዞር ብሎ ያያል፣ ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ ይወረውረዋል።